ትልቅ የየብስ ኤሊን ወደ ሩቅ ቦታ በደኅና ስለ መላክ

ትልቅ ኤሊ በጉዞ ላይ በጀርባው ተገልብጦ ከቆየ የሆድ ዕቃው ሳንባውን ስለሚጫነው መተንፈስ ያቅተዋል። ስለዚህ ሣጥኑ ከጠንካራ ጣውላ የተሠራ፣ በየጎኑ የአየር ቀዳዳ ያለው፣ ክዳኑም ለቅርፊቱ የቀረበና ለመገልበጥ ቦታ የማይተው መሆን አለበት፤ ሰፊ ሣጥን ለእንስሳው የሚመች ይመስላል እንጂ ጉዳቱ ያመዝናል። ወለሉ ላይ የተቀዳደደ ወረቀት በብዛት ይነጠፍ።

ከጉዞው አንድ ቀን በፊት ምግብ አቁሞ፣ አፍንጫው ከውኃው በላይ እንደሆነ ለብ ባለ ውኃ ለግማሽ ሰዓት ያህል መዘፍዘፍ ይጠቅማል፤ ውኃ ይጠጣል፣ ብዙውን ጊዜም እዚያው ይጸዳዳል። ከዚያ በደንብ ይድረቅ። ብርቱ ቅዝቃዜ ወይም ሐሩር ካለ ጉዞውን ማዘግየት ይሻላል።

የየብስ ኤሊዎች በሙሉ ሳይትስ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ስለሚጠበቁ፣ ድንበር ለማሻገር ፈቃዱን አስቀድሞ ማውጣት ግድ ነው።