ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ከበረዶ በኋላ የእግረኛ መንገድን ስለማጽዳት

በዋሽንግተን ዲሲ ከደጃፍ ፊት ለፊት ያለው የእግረኛ መንገድ የሕዝብ ቢሆንም፣ የወደቀበትን በረዶ የማንሣት ግዴታ ያለበት አጠገቡ ያለውን ቤት በባለቤትነትም ሆነ በኪራይ የያዘው ሰው ነው። ስለዚህ ዩ ስትሪት አካባቢ ምግብ ቤት የተከራየ ሰው «ባለሕንፃው ያጽዳው» ብሎ ከመቀመጡ በፊት የኪራይ ውሉን ማየት ይኖርበታል።

ግዴታው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1922 ጀምሮ በሕግ የሰፈረ ነው፤ ሆኖም ከተማው አጥፊውን ፍርድ ቤት ማቅረብ ይጠበቅበት ስለነበር ለረጅም ዘመን ከወረቀት ብዙም አላለፈም። በ2014 የወጣው ማሻሻያ ግን ቲኬት እንዲቆረጥ ፈቀደ፤ መቀጮውም ለመኖሪያ ቤት 25፣ ለንግድ ቤት 150 ዶላር ሆነ።

የተሰጠው ጊዜ በረዶው መውረዱን ካቆመ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ስምንት የቀን ብርሃን ሰዓታት ናቸው። ሌሊቱ አይቆጠርም፤ ፀሐይ ልትጠልቅ ሦስት ሰዓት ሲቀራት በረዶው ቢያቆም የቀሩት አምስት ሰዓታት በማግስቱ ከንጋት ጀምሮ ይታሰባሉ። ይህን ያህል መጠበቅ ግን አይመከርም፤ በእግር የተረገጠ በረዶ ሌሊቱን ወደ ግግር ስለሚለወጥ በማግስቱ አካፋ አይበግረውም።

ሲያጸዱ ቢያንስ 36 ኢንች ስፋት ያለው መተላለፊያ ይክፈቱ፤ ዊልቸርም ሆነ የሕፃን ጋሪ ከዚያ በጠበበ መንገድ በቀላሉ አያልፍም። የማዕዘን ቤት ከሆነ ወደ ማቋረጫው የሚወርደውን ተዳፋት አይርሱ። ብዙ ሰው የሚስተው ይህንኑ ነው፦ መንገዱ ጥርት ብሎ ተጠርጎ መጨረሻው ላይ ጉልበት የሚደርስ ክምር ይቆያል፤ ዊልቸር ላይ ላለ ሰው ከዚያ ወዲያ መንገድ የለም ማለት ነው። የተዛቀውን በረዶ ወደ መኪና መንገዱ አይጣሉ፤ የከተማው መጥረጊያ መኪና መልሶ ይደፋብዎታል። ወደ ግቢዎ ወይም ዛፍ ወደተተከለበት አፈር ያድርጉት፤ የመኪና መግቢያ ሲያጸዱ ደግሞ ፊትዎን ወደ መንገዱ አዙረው በስተቀኝ ይከምሩ።

ግግሩ አልላቀቅ ካለ ሕጉ አሸዋ ወይም ሌላ ተስማሚ ነገር መበተንን ለጊዜው ይቀበላል፤ አየሩ ሲለዝብ ግን መንገዱ ሙሉ በሙሉ መጽዳት አለበት። ብርዱ በጣም ሲጠነክር ተራ ጨው ማቅለጡን ስለሚተው፣ ያኔ ጨው ከመጨመር አሸዋ ይሻላል።

በመኖሪያ ቤታቸው የሚኖሩ ዕድሜያቸው 65 የሞላ ነዋሪዎችና አካል ጉዳተኞች ከመቀጮው ነጻ ሲሆኑ፣ 311 ደውለው የበጎ ፈቃደኞችን እርዳታ መጠየቅ ይችላሉ።