ማታ ስትገቡ እራቱ ግማሹ ተሠርቶ ይጠብቃችሁ

ደክሞት ቤት የገባ ሰው የሚበላው ቀድሞ እጁ የገባለትን ነው። ስለዚህ ጤናማውን ምግብ አስቀድሞ ቅርብ ማድረግ ይሻላል። እኔ በእረፍት ቀኔ አንድ ትልቅ ድስት ሽምብራ ወይም ባቄላ እቀቅላለሁ፤ ከዋዜማው ማታ ስለምዘፈዝፈው ቶሎ ይበስልልኛል። ከዚያ ለአንድ ጊዜ በሚበቃ መጠን በትንንሽ ዕቃዎች እከፋፍለዋለሁ። ዕቃው ጥልቀት ባይኖረው ይመረጣል፣ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ከ2 ሰዓት በላይ ግን ውጭ እንዳታቆዩት አደራ፤ ባክቴሪያ ይራባበታል። ፍሪጅ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል። ከዚያ የሚተርፈውን ገና ከጅምሩ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡትና ቀኑን ጻፉበት።

ማታ የሚቀረው ካሮት ወይም ጎመን ከትፎ፣ በትንሽ ዘይት አቁላልቶ፣ የተቀቀለውን ጨምሮ በደንብ ማሞቅ ነው። ከወረደ በኋላ ሎሚ ጠብ ብታደርጉበት ጣዕሙ ሌላ ነው፤ ከጥራጥሬው የሚገኘውን ብረት ሰውነት በተሻለ እንዲወስደውም ይረዳል።

ሰላጣ ቀድማችሁ የምታጥቡ ከሆነ ውሃውን አድርቁት፣ እርጥቡ ቶሎ ይበሰብሳል። ፍራፍሬውን ደግሞ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ አስቀምጡት፤ መሳቢያ ውስጥ የተደበቀ ብርቱካን ማንም አያስታውሰውም።