የቆመችን አሮጌ ላንድ ክሩዘር ከቤተሰብ ጋር እንዴት ወደ መንገድ እንመልሳት?

ደብረ ብርሃን ያለው ግቢያችን ውስጥ፣ ጥዱ ሥር፣ 9 ዓመት የቆመች ፒካፕ ነበረችን። ኤፍ ጄ 45 ላንድ ክሩዘር ናት፤ በ1972 እ.ኤ.አ. የተሠራች፣ ባለ 6 ሲሊንደር፣ 3.9 ሊትር የቤንዚን ሞተር ያላት። እህል ጭናለች፣ በግ ጭናለች፣ ለእህቴ ሠርግ ሚዜዎቹን ያመላለሰችውም እሷ ናት። ፍሬኗ ሲበላሽ "ለፋሲካ አሠራታለሁ" ብሎ አባቴ አቆማት። ከዚያ እሱ ታመመ፣ እሷም እዚያው ቀረች።

አባቴ ሥራ የጀመረው በኤንትሬ (የጭነት መኪና) ረዳትነት ስለሆነ ሞተር በጆሮው ያውቃል። ጉልበቱ ግን እንደ ድሮው አይደለም። እኛ ደግሞ ጉልበት አለን፣ እውቀቱ የለንም። ስለዚህ አባቴ፣ እናቴ፣ እህቴ፣ የ16 ዓመቱ ወንድሜና እኔ ቅዳሜና እሁድ እየተሰበሰብን በ7 ወር አስነሳናት። ከታች የምነግራችሁ ቁጥሮች የዚህችው መኪና ናቸው። አካሄዱ ግን ለላንድሮቨርም ለሌላ አሮጌ ፒካፕም ይሠራል።

ከሁሉ በላይ እንድትይዙልኝ የምፈልገው ቅደም ተከተሉን ነው። ብዙ ሰው ከሞተሩ ይጀምራል። እኛ ከፍሬኑ ጀመርን፣ አባቴ በዚህ ነገር ንቅንቅ አላለም። ምክንያቱም ሞተር አንዴ ከተነሳ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ "እስቲ ትንሽ ዞር እናድርጋት" ማለቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ከአንድ ቶን ተኩል በላይ የሚመዝን ብረት ያለ ፍሬን ከልጆች ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ይንቀሳቀሳል ማለት ነው። መጀመሪያ መቆም ትቻል፣ ከዚያ ትሂድ።

1. ወረቀቷን አውጡ

ብር ከማውጣታችሁ በፊት ሊብሬውን ፈልጉ። በማን ስም ነው? ባለቤቱ በሕይወት ከሌለ ውርሱ አልቋል? ከዚያ የሻንሲ ቁጥሩን ከመኪናዋ ላይ አንብቡ። በዚህች መኪና ላይ ከፊት በቀኝ በኩል፣ የሻንሲው ብረት ጎን ላይ ተቀርጿል። ጭቃና ዝገት ስለሚሸፍነው በሽቦ ብሩሽና በነጭ ጋዝ ቀስ ብላችሁ አጽዱት፤ በግራይንደር ግን አትንኩት፣ ቁጥሩ ከጠፋ ሌላ ጣጣ ነው። የሞተር ቁጥሩንም አብራችሁ ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። ሞተር ተቀይሮ ካልተመዘገበ መጨረሻ ላይ ሳይሆን አሁኑኑ ብታውቁት ይሻላል። ለስንት ዓመት ቦሎ እንዳልታደሰላት ይዛችሁም ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ ምን እንደሚጠየቅ ቀድማችሁ ጠይቁ።

2. ቁልፉን አትንኩ

ባትሪ አስገብቶ "እስቲ ትነሳ ይሆን" ማለት ያጓጓል። አታድርጉት። ሲሊንደሩ ውስጥ ዝገት ካለ ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት) ይሰብረዋል፣ አይጥ የበላው ሽቦ ካለ ደግሞ እሳት ይነሳል። የኛዋን ኮፈን ስንከፍት የአይጥ ጎጆ ያገኘነው ኤየር ክሊነሩ ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ዙሩና እዩ፤ ጻፉ። እህቴ ደብተር ይዛ የተፈታውን ሁሉ መዘገበች፣ በስልኳም ከመፈታቱ በፊት ፎቶ አነሳችው። ብሎንና ዳዶውን በየጣሳው እያደረገች ከየት እንደወጣ ጻፈችበት። ሰባት ወር ሙሉ አንድም ቀን "ይሄ የት ነበር?" ብለን አልተጨቃጨቅንም፣ ይህን ውለታዋን መቼም አልረሳውም።

ሥራውን እንዲህ ተከፋፈልን፤ አባቴ ያዛል፣ ይመረምራል። እኔና ወንድሜ እንፈታለን። እህቴ መዝገቡንና አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሄዶ ዕቃ መግዛቱን ያዘች። እናቴ ገንዘቡን ያዘች፤ በየወሩ ስንት እንደሚወጣ እሷ ወሰነች፣ ያለ እሷ ፈቃድ አንዲት ብሎን አልተገዛችም። ልጅ ካላችሁ ደግሞ የራሱ የሆነ ሥራ ስጡት እንጂ "ቁልፍ አቀብል" ብቻ አትበሉት። ወንድሜ የፊት ቀኝ እግሯን ፍሬን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻውን ሠራው፣ አባቴ ከጎኑ በርጩማ ላይ ተቀምጦ እያየው።

3. ፍሬን

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ሦስት ሳምንት ፈጅቶብናል።

በክሪክ ከማንሳታችሁ በፊት ከጎማው ሥር ታኮ (ማገጃ ሽብልቅ) አድርጉ። የእጅ ፍሬን ስቤያለሁ ብላችሁ አትመኑ። በነዚህ መኪኖች የእጅ ፍሬኑ ያለው የኋላ እግሮቹ ላይ አይደለም፣ ከካምቢዮው ኋላ ትራስሚሲዮኑን (ወደ ኋላ እግሮቹ ኃይል የሚያስተላልፈውን ዘንግ) ነው የሚይዘው። አንዱን የኋላ እግር በክሪክ ስታነሱት ዲፈረንሻሉ ያ የተነሳው እግር በነጻ እንዲዞር ስለሚያደርገው መኪናዋ የእጅ ፍሬኗ እንደተሳበ ትንከባለላለች። የኛዋ አንድ ስንዝር ያህል ተንሸራታ ክሪኩን አጋደለችው። ማንም ሥሯ ስላልነበረ እግዚአብሔር ይመስገን። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለት እግሯን በትልልቅ ታኮ ከፊትም ከኋላም ሳናስይዝ፣ ከሻንሲው ሥርም ጠንካራ የብረት መቆሚያ ሳናስገባ እጃችንን አላስገባንም። ብሎኬት አትጠቀሙ፣ ድንገት ይፈረካከሳል።

የአራቱም እግሯ ፍሬን ታምቡር ነው፤ ሸራዎቹ ክብ ብረት ውስጥ ሆነው ወደ ውጭ እየገፉ ነው የሚይዙት። በያንዳንዱ እግር ሁለት ሁለት የፍሬን ሲሊንደር ስላለ ባጠቃላይ ስምንት ናቸው። አንዷ ስታፈስ ያቺን ብቻ መቀየር ያጓጓል፤ ከ9 ዓመት በኋላ ግን የሁሉም ጎሚኒ (ዘይቱን የሚይዘው የውስጥ ጎማ) አርጅቷል፣ ዛሬ ያላፈሰችው በወሩ ታፈሳለች። ስምንቱንም ፍቱ። ውስጣቸው በዝገት ካልተቦረቦረ አጽድታችሁ ጎሚኒ ብቻ ቀይሩ፣ ከተቦረቦረ አዲስ ግዙ። የመጀመሪያ ግዢያችን ላይ የተሳሳተ ልክ ተሽጦልን እህቴ 130 ኪሎ ሜትር ተመልሳ ሄዳለች። አሮጌውን ዕቃ በእጃችሁ ይዛችሁ ሂዱና እዚያው አስተያዩ። የፍሬን ማስተሩን (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋውን) እና የጎማ ቱቦዎቹን አብራችሁ ቀይሩ።

ታምቡሩ ውስጥ ያለውን ጥቁር አቧራ በአፋችሁም በኮምፕረሰርም አትንፉት። የድሮ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ አለው፣ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም። በውሃ አርሱት፣ በጨርቅ ጥረጉት፣ ጨርቁን በፌስታል ቋጥራችሁ ጣሉት። ልጆችን በዚህ ሰዓት አርቁ።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ አየር ማውጣት ነው፤ ይሄ ብቻውን የማይሠራ፣ የቤተሰብ ሥራ ነው። እናቴ ጋቢና ውስጥ፣ እኔ ከሥር። አንድ ጠርሙስ፣ አንድ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ፣ ዶት 3 የፍሬን ዘይት። ከፍሬን ማስተሩ ከሚርቀው እግር ጀምሩ። "ርገጪ!" ስላት ትረግጣለች፣ "ያዢ!" ስላት ትይዛለች፣ እኔ መተንፈሻዋን እከፍታለሁ፣ አረፋው ይወጣል፣ እዘጋለሁ፣ ከዚያ "ልቀቂ!"። እኔ ሳልዘጋ እሷ ከለቀቀች አየሩ ተመልሶ ይገባል። ወንድሜ ደግሞ የማስተሩ ዘይት እንዳያልቅ ከላይ እየሞላ ይጠብቃል። ፔዳሉ ከእግር ሥር ድንጋይ እስኪሆን ድረስ ቀጠልን። በመጨረሻ ሸራዎቹን ማስተካከል፦ እግሩ መዞር እስኪያቅተው አጥብቁት፣ ከዚያ ያለ ችግር እስኪዞር ጥቂት ጥርስ መልሱት።

4. ሞተሩን በእጅ ማዞር

ስድስቱን ካንዴላ አውጡ። በየቀዳዳው ሁለት ሁለት ማንኪያ የሞተር ዘይት ከትንሽ ናፍታ ጋር ቀላቅላችሁ ጨምሩና ሦስት አራት ቀን ተዉት። ከዚያ በማንቬላ (ሞተሩን በእጅ በሚያዞረው ብረት) በቀስታ አዙሩት። እምቢ ካለ አትታገሉት፤ ዘይት ጨምሩና ሌላ ሳምንት ጠብቁ። የኛዋ በሁለተኛው እሁድ "ጭጭ" ብላ ለቀቀች፣ አባቴ ከበርጩማው ብድግ አለ።

ሞተሩ ከዞረ የድሮውን ዘይት አውርዱ፣ ፊልትሮውን ቀይሩ። የወረደው ዘይት እንደ ቡና በወተት ከሆነ ውሃ ገብቶበታል፣ ጓርኒሲዮኑ (የሞተሩ ማሸጊያ) ሳይታይ አትቀጥሉ።

የእሳቱ ነገር ቀላል ነው። የዲስትሪቢዩተሩን (ለየካንዴላው እሳት የሚያከፋፍለውን) ፕላቲን በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት አጽዱ፣ ወይም በአዲስ ቀይሩ። የካንዴላ ሽቦዎቹ ቅደም ተከተል 1-5-3-6-2-4 ነው፣ ይሄን ጋራዥ ግድግዳ ላይ በኖራ ጻፉት። ለታይሚንግ ደግሞ ቮላኖው (ከሞተሩ ኋላ የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ላይ ትንሽ የብረት ኳስ ተቀብራለች፣ በጎን ባለችው መስኮት ትታያለች። የመጀመሪያው ሲሊንደር ከላይኛው ነጥብ ሊደርስ 7 ዲግሪ ሲቀረው ነው የምትመጣው። በነጭ ቀለም ነጥብ አድርጉባት፣ አለዚያ ዓይን ይደክማል።

5. ነዳጅ

ያደረ ቤንዚን ቀለም ቀለም ይሸታል፣ እንደ ሙጫም ይደርቃል። ጠቅላላውን አውጡ፣ ካርቡራቶሩን ፍቱ፣ ጠባብ ቀዳዳዎቹን በአየር አጽዱ፣ በሽቦ አትቆርቁሩ። ታንከሩ ከተበሳ ደግሞ "ባዶ ነው" ብላችሁ እንዳትበይዱት! ባዶ ታንከር ውስጥ ያለው ትነት ከሞላ ታንከር ይብሳል፣ ሰው ገድሏል። ይሄን ሥራ ለሚያውቅ ባለሙያ ስጡ።

6. ማስነሳት

መጀመሪያ የቦቢናውን (ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን) ሽቦ ነቅላችሁ በሞተሪኖ (በማስነሻው) አዙሯት፣ የዘይት ግፊቱ ጌጅ እስኪነሳ ድረስ። ከዚያ ሽቦውን መልሱ። እሳት ማጥፊያ አጠገብ ይኑር፣ በሩ ክፍት ይሁን፣ ማንም ከፊቷ አይቁም። ቁልፉን ማን ያዙር የሚለው የናንተ ነው። እኛ ለአባቴ ሰጠነው፣ እሱ ደግሞ ለእናቴ ሰጣት።

ደጋ ላይ ያላችሁ ልብ በሉ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። አየሩ ስስ ስለሆነ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። የነዳጁን ብሎን ቀስ እያላችሁ ቀንሱ። ሌላው ደግሞ ውሃ እዚህ 90 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። የራዲያተር ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ሙቀቷ ብዙም ሳይጨምር ውሃዋን ትተፋለች። ብዙ ሰው በዚህ ተሳስቶ ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) ያወርዳል። ክዳኑን ቀይሩ፣ ርካሽ ነው።

7. ጎማ፣ መሪ፣ መብራት

ጎማው ላይ ያሉትን አራት አሃዞች አንብቡ። 2310 ካለ በ2010 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ጎኑ ተሰነጣጥቋል። ቸርኬው ባለ ቀለበት ከሆነ ቤት ውስጥ አትፍቱት፣ አትንፉትም። ቀለበቱ ሲፈናጠር ይገድላል። ጎሚስታ ጋ ውሰዱት። የመሪ ዘንጎቹን እያወዛወዛችሁ ፈትሹ፣ ባሌስትራው ላይ የተሰበረ ቅጠል ፈልጉ፣ የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት ቀይሩ፣ ፍሬቻና ስቶፕ መብራት ይሥራ።

8. ላሜራና ቀለም

ቀለም መጨረሻ ነው። ዝገት ላይ ስቱኮ ለጥፎ መቀባት ገንዘብ መጣል ነው፤ የበሰበሰው ተቆርጦ ወጥቶ አዲስ ላሜራ ይበየድ። ቀለሟ ሊብሬው ላይ ስለተጻፈ ያንኑ ቀለም ቀቡ። እኛ የበሩን ውስጥ አልቀባነውም፣ አባቴ በእስክሪብቶ የኩንታል ሂሳብ የጻፈበት ስለሆነ።

9. ወደ መንገድ

የቴክኒክ ምርመራ፣ የሦስተኛ ወገን መድን፣ ቦሎ። እነዚህ ሳያልቁ ከግቢ አትውጡ።

የመጀመሪያው ጉዞ አጭር ይሁን፣ ጠዋት ይሁን፣ ዝናብ በሌለበት ቀን። ውሃ በጀሪካን፣ ክሪክ፣ ቁልፎች፣ መለዋወጫ ቺንጋ፣ ትርፍ ጎማ ያዙ። እኛ እሁድ ማለዳ በአዲስ አበባው መንገድ እስከ ጫጫ ሄድን፣ አባቴ እየነዳ። እዚያ ቆመን ወንድሜ አራቱንም እግር በእጁ ጀርባ እየነካ ዞረ፣ "የኋላ ግራው ይፋጃል" አለ። ፍሬኑ ጠብቆ እየያዘ ነበር። እዚያው መንገድ ዳር ታኮ አድርገን ሁለት ጥርስ መለስንለት፣ ሻይ ጠጥተን እስክንጨርስ ቀዘቀዘ። ስንመለስ ቀዝቃዛ ነበር።

ከዚያ በኋላ በ500 ኪሎ ሜትር ዘይቱን እንደገና ቀይሩ፣ የጎማ ዳዶዎቹንና የባሌስትራ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ደግማችሁ አጥብቁ።