ሪሲቨር ሲመርጡ ጀርባውን ያንብቡ

አዳማ ውስጥ ወደ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገብቶ «ሪሲቨር አለ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው በአብዛኛው የሚወጣለት የዲሽ ሪሲቨር ነው። ቃሉ በእኛ ዘንድ ከዲሽ ጋር ተጣብቆ ስለ ቀረ የቤት ሲኒማ ሪሲቨር የሚፈልግ ሰው «ኤችዲኤምአይ ያለው፣ ስፒከር ለብቻው የሚገዛለት አምፕሊፋየር» ብሎ ቢያብራራ ከብዙ ምልልስ ይድናል። በአንድ ካርቶን ተጠቃልሎ «ሆም ቴአትር» እየተባለ ከሚሸጠው ዕቃም መለየት አለበት፤ የዚያ ስፒከሮች ብዙ ጊዜ ለዚያው ማሽን ብቻ የተሠሩ በመሆናቸው አንዱ አካል ሲበላሽ ሌላው ከጥቅም ውጪ ይሆናል። ሪሲቨር ግን ከጌሙ፣ ከዲሹና ከስልኩ የሚመጣውን ሁሉ በአንድ ቦታ ተቀብሎ ምስሉን ወደ ቴሌቪዥን ያሳልፋል፣ ድምፁን አጉልቶ እርስዎ ወደ መረጧቸው ስፒከሮች ይልካል። ስፒከሩን ዛሬ፣ ባሱን በሚቀጥለው ዓመት መግዛት የሚቻለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሻጩ ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጥ የሚያሳየው ፊቱን ነው፤ ትልቁን የድምፅ ማዞሪያ፣ የሚያበሩትን ፊደላት፣ በወርቃማ ቀለም የተጻፈውን የዋት ቁጥር። እርስዎ ግን እንዲያዞርልዎ ይጠይቁት። ለጌምም ሆነ ለሙዚቃ የሚጠቅመው መረጃ በሙሉ ማለት ይቻላል ከኋላ ነው ያለው፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነበበውም የኤሌክትሪክ ገመዱ ከሚገባበት ጎን የተለጠፈው ትንሽ ጽሑፍ ነው።

ይህን የምለው በራሴ ኪሳራ ተምሬ ነው። ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የመጣልኝ የመጀመሪያው ሪሲቨር በቤቴ የኖረው ለሦስት ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር። ሶኬቱ አልገጥም ሲል ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ፤ ነገር ግን ማገናኛ ፈልጌ ሰካሁት፣ አንድ ጊዜ «ጧ» አለ፣ ከዚያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ሳሎኑን ሞላው። ጀርባው ላይ በግልጽ «120 ቮልት፣ 60 ሄርዝ» የሚል ተጽፎ ነበር። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው። «220–240» ወይም «100–240» የሚል ጽሑፍ ካለ ያለ ስጋት ይሰካል፤ «120» ብቻ ከሆነ ግን ቮልቴጅ የሚቀንስ ትራንስፎርመር የግድ ያስፈልጋል። ትራንስፎርመሩም ጀርባው ላይ ከተጻፈው የዋት ፍጆታ በእጥፍ የሚበልጥ አቅም ቢኖረው ይመረጣል፤ 500 ዋት ለሚል ሪሲቨር 1000 ቪኤ (የትራንስፎርመር አቅም የሚጻፍበት መለኪያ) ማለት ነው። ለፀጉር ማድረቂያ ተብለው የሚሸጡት ትንንሽ የጉዞ መቀየሪያዎች ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይሆኑም። ትራንስፎርመሩ ሄርዙን እንደማይለውጥ፣ ክብደቱና ዋጋው ደግሞ በሪሲቨሩ ላይ እንደሚደመር ካሰብን፣ እኔ በበኩሌ 220 ቮልት የሆነውን ትንሽ ጨምሬ መግዛትን እመርጣለሁ። ያም ቢሆን መብራት ሄዶ ሲመለስ በኃይል ስለሚመጣ ስታቢላይዘር ይኑረው፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ሶኬቱን ነቅሎ እስኪረጋጋ መጠበቅም ምንም ወጪ የለውም።

ወደ ጌሙ ስንመጣ፣ ጥያቄው ከሪሲቨሩ ሳይሆን ከቴሌቪዥኑ ይጀምራል። ቴሌቪዥንዎ በሰከንድ 60 ጊዜ ብቻ ምስል የሚያድስ ከሆነ፣ 120 ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 120 ምስል፣ ለሚያሳልፍ ሪሲቨር የሚከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ ስክሪኑ ላይ በምንም መልክ አይታይም። ፕሌይስቴሽን 4ም ቢሆን የሚሠራው በ60 ሄርዝ ስለሆነ ኤችዲኤምአይ 2.0 ያለው፣ በሰከንድ 18 ጊጋቢት የሚያሳልፍ ያገለገለ ሪሲቨር ይበቃዋል። ፕሌይስቴሽን 5 ወይም ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ ከ120 ሄርዝ ቴሌቪዥን ጋር ያለው ሰው ግን ኤችዲኤምአይ 2.1 መፈለጉ ተገቢ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ «2.1» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ሁሉም ነገር ተሟልቷል ማለት አይደለም፣ ስድስት መግቢያ ካለው ሪሲቨር ላይም 4ኬን በ120 ሄርዝ የሚያሳልፈው አንዱ ወይም ሦስቱ ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ «2.1 ነው ወይ?» ከማለት ይልቅ «4ኬ 120 የሚያሳልፈው የትኛው ቀዳዳ ነው? ቪአርአር እና ኤኤልኤልኤምስ አለው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ቪአርአር የጌሙ ፍጥነት ከፍ ዝቅ ሲል ምስሉ እንዳይቆራረጥ የስክሪኑን እድሳት ከጌሙ ጋር ያስኬዳል፤ ኤኤልኤልኤም ደግሞ ጌሙ ሲከፈት ቴሌቪዥኑን ራሱ ወደ ፈጣኑ ሁኔታ ያስገባዋል።

ያገለገለ ለሚገዛ ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጡት የመጀመሪያዎቹ የ2.1 ሪሲቨሮች መካከል በርካቶቹ በውስጣቸው ባለው ቺፕ ስሕተት ምክንያት ከኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ የሚመጣውን 4ኬ 120 ምስል ማሳለፍ አቅቷቸው ስክሪኑ ይጠቁር ነበር። እነዚያ ዕቃዎች ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ እየዞሩ ነው። መፍትሔው የራስን ጌምና የራስን ገመድ ይዞ ወደ ሱቁ መሄድ ነው፤ ገመዱ «አልትራ ሃይ ስፒድ» የሚል መለያ ያለው ይሁን። ፕሌይስቴሽን 5 ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ገብተው፣ ስክሪንና ቪዲዮ የሚለውን ከፍተው፣ የቪዲዮ አውትፑት መረጃውን ያንብቡ፤ ስንት በስንት በስንት ሄርዝ እየወጣ እንዳለ እዚያው ተጽፎ ይታያል። ሻጩ ለዚህ የሚሆን ቴሌቪዥን ከሌለው ቀጠሮ ይያዙ እንጂ «ይሠራል» በሚል ቃል ብቻ ገንዘብ አይክፈሉ።

ዋጋውን በእጅጉ የሚቀንስ ሌላ መንገድም አለ። ቴሌቪዥንዎ ኢአርክ የሚባል መውጫ ካለው ጌሙን በቀጥታ ከቴሌቪዥኑ ጋር አያይዘው ድምፁን ብቻ ወደ ሪሲቨሩ መመለስ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ሪሲቨሩ ስለ 120 ሄርዝ ማወቅ አያስፈልገውም፣ ኢአርክ መቀበሉ ብቻ ይበቃል። ኢአርክ ያልተጨመቀ ባለ 7.1 (የሰባት ስፒከርና የአንድ ባስ) ድምፅ ያሳልፋል። የቆየው አርክ ግን የዙሪያውን ድምፅ የሚያሳልፈው ተጨምቆ ስለሆነ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ የተጻፈው «አርክ» ይሁን «ኢአርክ» መነጽር አድርጎም ቢሆን ማንበብ ያዋጣል። በጌሙ የድምፅ ሴቲንግ ውስጥ ደግሞ «ቢትስትሪም» ከሚለው ይልቅ «ሊኒየር ፒሲኤም» የሚለውን ይምረጡ፤ ጌሙ ድምፁን እንደገና ለመጭመቅ የሚያባክነው ጊዜ ስለሚቀር ጥይቱ ሲተኮስና ድምፁ ሲሰማ ያለው ክፍተት ይጠብባል።

ለሙዚቃ ሲሆን መመዘኛው ይለወጣል። ካርቶኑ ላይ ያለው ትልቅ የዋት ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው አንድ ስፒከር ብቻ ተገናኝቶ፣ በ1 ኪሎ ሄርዝ ነጠላ ድምፅ፣ 10 በመቶ መዛባት ተፈቅዶለት ነው። ማንም ሰው በዚያ ሁኔታ ዘፈን አይሰማም። መመሪያው ውስጥ «20 ሄርዝ እስከ 20 ኪሎ ሄርዝ፣ 8 ኦም፣ ሁለት ቻናል» ከሚለው ጎን የተጻፈውን ቁጥር ይፈልጉ፤ ከካርቶኑ በጣም ያነሰ ሆኖ ያገኙታል፣ እውነቱም እሱ ነው። ደግሞም ከ80 ዋት ወደ 100 ዋት መሄድ የሚጨምረው 1 ዴሲቤል ገደማ ብቻ ነው፤ ጆሮ ድምፁ እጥፍ ሆነ እንዲል ኃይሉ ወደ አሥር እጥፍ መድረስ አለበት። በ20 ዋት ልዩነት የተነሣ የሚጠየቀውን ገንዘብ ስፒከር ላይ ማዋል ይሻላል የምለው ለዚህ ነው። በእኔ ግምት በጀቱ ከግማሽ በላይ ለሁለቱ የፊት ስፒከሮች ቢሄድ የሚጸጸት የለም፤ የመሐሉና የኋላዎቹ መጠበቅ ይችላሉ። ከጀርባ ከስፒከር ማሰሪያዎቹ ሥር የተጻፈውን የኦም መጠንም (ስፒከሩ ኤሌክትሪክን የሚቋቋምበትን ልክ) ያስተያዩ፤ ሪሲቨሩ «ከ6 እስከ 16 ኦም» ካለ ባለ 4 ኦም ስፒከር ማሰር ከአቅሙ በላይ ማስጨነቅ ነው።

ሱቅ ውስጥ ሲያዳምጡ ሻጩ የሚከፍትልዎን የፍንዳታ ፊልም ትተው የሚያውቁትን ዘፈን ከስልክዎ ያጫውቱ። ከበሮው ሲመታ ድምፁ ተመትቶ ወዲያው ይቆማል ወይስ ይንጎደጎዳል? የማሲንቆው ክር ሲፈተግ ሻካራነቱ ይሰማል ወይስ ለስልሶ ይጠፋል? ይህን ሲያደርጉ ሪሲቨሩን «ስቴሪዮ» ወይም «ዳይሬክት» ላይ ያድርጉት። ሁለት ቻናል የሆነን ዘፈን ወደ አምስት የሚበትነው የዙሪያ ድምፅ ለጊዜው ያስደምማል እንጂ ዘፋኙን ከቦታው ያፈናቅለዋል፤ በሞኖ (በአንድ ቻናል ብቻ) የተቀዳ አሮጌ ዘፈን ሲሆን ደግሞ ሁሉንም በመሐለኛው ስፒከር ላይ ይከምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1969 ከተቋቋመው የሙዚቃ አሳታሚ ከአምሃ ሪከርድስ ዘመን የቀረ ሸክላ ያለው ቤተሰብ «ፎኖ» የሚል መግቢያ መኖሩን ይይ፤ ከሸክላ ማጫወቻ የሚወጣው ሲግናል እጅግ ደካማ ስለሆነ በተራው መግቢያ ቢሰካ የሚሰማው ሹክሹክታ ነው። ለካሴት ማጫወቻ ግን ተራዎቹ ቀይና ነጭ ቀዳዳዎች ይበቃሉ። ብሉቱዝ ለሙዚቃ ያገለግላል፣ በጌም ጊዜ ግን ድምፁ ከምስሉ ስለሚዘገይ ጌሙ በገመድ ይሁን።

የአዳማ አየር ለእነዚህ ማሽኖች ርኅሩኅ አይደለም። ሙቀቱ ይታወቃል፤ አቧራውም ነፋሱ ሲነሣ በተዘጋ መስኮት እንኳ ሾልኮ ይገባል፤ ከተማዋ አጠገብ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለውም ያለ ምክንያት አይደለም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሙቀት የመውሰድ ኃይሉ በባሕር ዳርቻ ካለው ያንሳል። ሪሲቨሩ ከላይ ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍት ቦታ ያግኝ፣ የዲሽ ሪሲቨሩም በላዩ ላይ አይጫን፤ አቧራ ይከላከላል ተብሎ የሚለበሰው ዳንቴል ሲበራ መነሣት አለበት። ያገለገለ ሲገዙም በክዳኑ ቀዳዳዎች በኩል በስልክ መብራት ወደ ውስጥ ይመልከቱ፤ የተጋገረ አቧራ ወይም የጠቆረ ቦታ ካዩ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ይተዉት።

ቤት ገብቶ ሲታሰር የሚፈለገው ትዕግሥት ብቻ ነው። የስፒከሩን ሽቦ ጫፍ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ልጠው፣ ክሮቹን በጣት አጥብቀው ጠምዝዘው፣ ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር ይሰሩ። ከጥምዙ ያፈነገጠች አንዲት ፀጉር የምታህል ክር ጎረቤቷን ከነካች ሪሲቨሩ «ፕሮቴክት» ብሎ ይጠፋል፤ ብዙ ሰው ተበላሸ ብሎ ወደ ጠጋኝ የሚሮጠው በዚህች ክር የተነሣ ነው። ከዚያ አብሮ የሚመጣውን ማይክ እርስዎ በሚቀመጡበት ቦታ፣ በጆሮዎ ከፍታ ያኑሩና ሪሲቨሩ ክፍሉን ራሱ እንዲለካ ያድርጉ። የብሎኬት ግድግዳና የሴራሚክ ወለል ድምፅን ስለሚመልሱ አስቀድሞ ምንጣፉ ይነጠፍ፣ መጋረጃው ይጋረድ፤ ማሽኑ የክፍሉን ማስተጋባት በሙሉ ማስወገድ አይችልምና። ልኬቱን ባጃጁ ጋብ ሲል፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ቢያደርጉት ይመረጣል። ቬንትሌተሩንም ያጥፉ፤ ማይኩ የእሱን እምምታ ይሰማል፣ ባሱንም ያለ አግባብ ያስተካክልልዎታል።