ለወንድ የዘር ፈሳሽ ምርመራ ናሙና በትክክል እንዴት መስጠት ይቻላል?

ያለ መከላከያ ለአንድ ዓመት አብረው ኖረው እርግዝና ያልመጣላቸው ባልና ሚስት ምርመራውን በአንድ ጊዜ ሊጀምሩ ይገባል፤ ሚስት ዕድሜዋ ከ35 ዓመት ካለፈ ደግሞ ከ6 ወር በላይ መጠበቅ አያስፈልግም። ልጅ ለመውለድ ከተቸገሩት ጥንዶች በግማሽ ያህሉ ላይ የወንዱ ችግር ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተደምሮ ይገኛል። ይህ እየታወቀ ሚስት ለዓመታት ሐኪም ቤት ስትመላለስ ባል አንድ ጊዜ እንኳ ናሙና አለመስጠቱ ትልቅ በደል ነው።

በመጀመሪያ ላቦራቶሪ ይምረጡ። የስፐርሙን (በፈሳሹ ውስጥ ያለውን የወንድ ዘር ሴል) ብዛት ብቻ ሳይሆን እንቅስቃሴውንና ቅርፁን ጭምር የሚጽፍ፣ ናሙና መስጫ ክፍልም ያለው መሆን አለበት። ብዛቱን ብቻ ለሚጽፍ ላቦራቶሪ መክፈል ትርፉ ድካም ነው።

ከምርመራው በፊት ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነትም ከግለ ወሲብም ይታቀቡ። ባለፉት 3 ወራት ወባ ወይም ሌላ ከባድ ትኩሳት ይዞዎት ከነበረ ለባለሙያው ይንገሩ፤ ትኩሳት ውጤቱን ለጊዜው ዝቅ ያደርጋልና።

ብዙ ውጤት የሚበላሸው ናሙናው በሚሰጥበት ጊዜ ነው። እጅዎንና ብልትዎን ታጥበው ካደረቁ በኋላ ፈሳሹን በግለ ወሲብ፣ ላቦራቶሪው በሰጠዎት አፈ ሰፊ ዕቃ ይቀበሉ። ምራቅ፣ ሳሙናና ቅባት ስፐርሙን ይጎዳሉ፤ የተለመደው ኮንዶምም እንዲሁ ነው። ከሁሉም በላይ የመጀመሪያዋ ጠብታ እንዳታመልጥ ይጠንቀቁ፣ አብዛኛው ስፐርም የሚገኘው በመጀመሪያው የፈሳሹ ክፍል ነውና። ከፈሰሰብዎት ሳይደብቁ ይናገሩ።

ናሙናው ሳይቀዘቅዝ ቢቻል በ30 ደቂቃ፣ ቢዘገይ በ1 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። ለምሳሌ ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም በመካከሉ ያለውን የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት ከባድ መኪና ከያዘው ሰዓቱ ሳይታወቅ ያልፋል። የእኔ የመጀመሪያ ናሙና በዚሁ መንገድ ላይ ዘግይቶ በመድረሱ እንቅስቃሴው እጅግ ዝቅተኛ ነው ተብሎ ተጻፈ፤ ዕቃውን የተቀበለው ሰው በስንት ሰዓት እንደተሰጠ እንኳ አልጠየቀም። እዚያው ደሴ፣ ላቦራቶሪው ውስጥ የሰጠሁት ሁለተኛው ናሙና ግን ጤናማ ሆነ። ስለዚህ የኮምቦልቻ ሰው ደሴ የሚመረመር ከሆነ እዚያው ደርሶ ቢሰጥ ይሻላል። ከቤት መስጠት ግድ ከሆነ ዕቃውን በልብስ ሥር ብብትዎ አጠገብ ይያዙት፣ ሰዓቱንም በላዩ ይጻፉ።

ውጤቱን ሲያነቡ የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ዝቅተኛ መነሻ ያስታውሱ፦ በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ስፐርም፣ የሚንቀሳቀሱት 42 በመቶ፣ ትክክለኛ ቅርፅ ያላቸው 4 በመቶ። ቁጥሮቹ የተወሰዱት ሚስቶቻቸው በ12 ወር ውስጥ ካረገዙላቸው ወንዶች ሲሆን፣ በእያንዳንዱ መለኪያ ከእነዚያው አባቶች 5 በመቶው ከመነሻው በታች ነበሩ። ስለዚህ ከመነሻው በታች መሆን መካንነት ማለት አይደለም፤ የመጀመሪያው ውጤት ዝቅ ካለ ምርመራው ይደገማል። አዲስ ስፐርም ተሠርቶ እስኪወጣ 3 ወር ገደማ ስለሚፈጅ ሲጋራ ያቆመ ሰው ለውጡን በሳምንት ውስጥ አይጠብቅ።

ውጤቱ ጤናማ ወይም በጥቂቱ ዝቅ ያለ ከሆነና ሐኪሙ ሌላ ችግር ካላገኘ በየ2 ወይም በየ3 ቀኑ መገናኘት በተፈጥሮ መንገድ የመፀነስ ዕድልን ያሰፋል፤ ስፐርም በሴቷ ማህፀን ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል። በመጀመሪያው ዓመት ካልፀነሱት ጥንዶች ግማሽ ያህሉ በሁለተኛው ዓመት ይፀንሳሉ። በሁለት ናሙና ምንም ስፐርም ካልታየ ግን መጠበቁን ትተው ስፔሻሊስት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ጉልበት ይሰጣል ተብሎ የሚወጋ የቴስቶስትሮን (የወንድ ሆርሞን) መርፌ ስፐርም መመረቱን ሊያቆም ስለሚችል በራስዎ ፈቃድ አይጀምሩት።