በጣና ዳር የፈረንሳይን አበሳሰል፣ አለባበስና ንግግር ስለ መልመድ

በባሕር ዳር ተቀምጦ የፈረንሳይን ኑሮ ማጣጣም የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ በግዢ ይጀምራል፤ ከአዲስ አበባ የታሸገ አይብና ውድ ሽቶ ያስመጣል፣ ዕቃው ሲያልቅም ፍላጎቱ አብሮ ያልቃል። ከፈረንሳዮች መውሰድ የሚበጀው ዘዴውን ነው። ጥሬ ዕቃን ከቅርብ ገበያ መርጦ በጥቂት ቅመም ማብሰል፣ ልብስን በልክ ማሰፋት፣ ሰውን በተገቢው ሰላምታ መቅረብ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ አይጠይቅም፤ የሐይቁ ዳርቻም ለዚህ የሚያስፈልገውን ከሞላ ጎደል ያቀርባል።

በከተማዋ ዓሣ ቤቶች ኮተሌት፣ ጥብስና ጉላሽ የለመደ ሰው በመጀመሪያ ሊሞክረው የሚገባው «ሙኒየር» የተባለውን አጠባበስ ነው። በጠዋት ከሐይቁ የወጣ ቆሮሶ ገዝተው አጥንቱን ያስወጡና ሥጋውን በንጹሕ ጨርቅ በደንብ ያድርቁት፤ ዓሣው እርጥብ ከሆነ ዱቄቱ ሊጥ ሆኖ ይጣበቃል። ጨውና ቁንዶ በርበሬ ነስንሰው የፉርኖ ዱቄት በስሱ ያልብሱትና ትርፉን ያራግፉ። በጋለ መጥበሻ ላይ ዘይትና ጥቂት ቅቤ አድርገው እንደ ውፍረቱ በእያንዳንዱ ጎን 2 ወይም 3 ደቂቃ ከጠበሱት በኋላ ዓሣውን ያውጡ፣ የተጠበሰበትን ዘይት ይድፉ፣ በዚያው መጥበሻ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ አዲስ ቅቤ ይጨምሩ። ቅቤው አረፋ አውጥቶ አረፋው ሲበርድ፣ ቀለሙ ወደ ቡናማ ሲያደላና ሽታው የተቆላ ለውዝ ሲመስል የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ይጨምቁበትና ከተከተፈ ፐርሰሜሎ ጋር በዓሣው ላይ ያፍስሱት። አምባዛም በዚህ መንገድ ይጠበሳል፤ ሥጋው ስብ ስለሚበዛው ግን እኔ ቆሮሶን አስበልጣለሁ።

እዚህ ላይ ንጥር ቅቤ አይሆንም። ቡናማውን ቀለምና ያንን መዓዛ የሚሰጠው ቅቤ ሲነጠር የሚወገደው የወተት ዝቃጭ ነው፤ በዚያም ላይ ኮረሪማውና አብሹ ሳህኑን በቀጥታ ወደ ወጥ ይወስዱታል። የገበታ ቅቤ ካላገኙ ቅመም ያልነካውና አሬራው በደንብ የወጣለት ለጋ ቅቤ ይበቃል።

አይብ ከፈረንሳይ ካልመጣ የሚል ሰው የሊዮን ከተማን ገበታ ቢመለከት ሐሳቡን ይለውጣል። ሊዮን በሐር ሸማኔዎቿ የታወቀች ከተማ ስትሆን፣ በእነዚሁ ሸማኔዎች ስም የሚጠራው «ሰርቬል ደ ካኑ» የሚሠራው እንደ እኛው አይብ ካለ፣ ለብስለት ሳይቆይ ከሚበላ ነጭ አይብ ነው። ውሃው የተንጠፈጠፈ አይብ በጥቂት እርጎ አላልተው፣ በደቃቁ የተከተፈ ቀይና ነጭ ሽንኩርት፣ ፐርሰሜሎ፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ዘይትና ጥቂት አቼቶ ካዋሐዱበት በኋላ ለ1 ሰዓት ያህል በቀዝቃዛ ቦታ አቆይተው ከዳቦ ወይም ከተቀቀለ ድንች ጋር ያቅርቡት። ለሰላጣም ቢሆን የዲዦንን ሰናፍጭ መጠበቅ አያስፈልግም። አንድ እጅ አቼቶ፣ ሦስት እጅ ዘይትና ትንሽ የእኛን ሰናፍጭ አብረው ይምቱ፤ ሰናፍጩ ከጣዕሙ ሌላ ዘይቱና አቼቶው ቶሎ እንዳይለያዩ ይይዛቸዋል። የእኛው አፍንጫ ስለሚሰነፍጥ ግን መጠኑን እየቀመሱ ይጨምሩ፣ ቅጠሉም እንዳይጠወልግ ሊበላ ሲል ብቻ ያፍስሱበት።

በጾም ወቅት ደግሞ ከደቡብ ፈረንሳይ፣ ከኒስ ከተማ የመጣው «ራታቱይ» ያለ ምንም ለውጥ ይስማማል። ደበርጃን፣ ዝኩኒ፣ የፈረንጅ ቃሪያና ሽንኩርት ለየብቻ በዘይት ይጠበሱና ከቲማቲም፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከጦስኝ ጋር በዝግታ እሳት አንድ ላይ ይበስላሉ። አትክልቱን ለየብቻ መጥበስ አድካሚ ቢመስልም ሁሉንም በአንድ ጊዜ ድስት ውስጥ የጨመረ ሰው የሚያገኘው ውሃ የበዛበት የአትክልት ቅቅል ነው። በእንጀራ ቢበሉትም የሚከፋ አይመስለኝም።

ዳቦ በየዕለቱ ትኩስ ሆኖ ቢገዛ ይመረጣል። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የፈረንሳይ ደንብ «ባህላዊ የፈረንሳይ ዳቦ» ተብሎ የሚሸጠው ዳቦ መቆያ ኬሚካል እንዳይገባበት ስለሚያዝ፣ እንዲህ ያለው ዳቦ ለነገ አይባልም። የተረፈውን ደረቅ ዳቦ በእንቁላል፣ በወተትና በስኳር አርሶ በቅቤ መጥበስም የዚያው አገር ልማድ ነው፤ ላዩ ላይ የጎጃም ማር ከፈሰሰበት ሌላ ማጣፈጫ አያሻውም።

ከምግቡ ይልቅ የሚከብደው አቀራረቡ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 በማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው የፈረንሳዮች የድግስ ማዕድ በተራ የሚቀርብ ነው፤ ከመክፈቻው በኋላ ዓሣ ወይም ሥጋ ከአትክልት ጋር፣ ቀጥሎ አይብ፣ በመጨረሻም ጣፋጭ ይመጣል። ሁሉም በአንድ ትሪ ቀርቦለት መብላት የለመደ ቤተሰብ ለጊዜው ግር ስለሚለው በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቢጀመር ይቀላል። ሰላጣው፣ ዓሣው፣ አይቡና ማንጎው በየተራ ይቅረቡ፣ በመካከላቸውም ለጨዋታ ጊዜ ይተው፤ ጉርሻ በየትኛውም ተራ የተፈቀደ ነው። ወተት ያለበት ቡና ለቁርስ ስለሆነ ከምሳ በኋላ የሚቀርበው ጥቁር ቡና ነው፣ ለዚህም የዘጌ ቡና ካለ ሌላ መፈለግ አይገባም።

ስለ አለባበስ የምለው ጥቂት ነው፤ ፋሽን ተከታትሎ መግዛት የፓሪስን ሰው አያስመስልም። ሰማያዊ መስመር ያለውን ነጭ የጥጥ ሹራብ እንመልከት። የፈረንሳይ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1858 ለመርከበኞቹ ሲደነግገው የመስመሮቹን ቁጥር እንኳ 21 ነጭና 20 ወይም 21 ሰማያዊ ብሎ ወስኗል፤ በኋላ ፈረንሳዊቷ የልብስ ንድፍ አውጪ ኮኮ ሻኔል ወደ ሴቶች ልብስ አመጣችው፣ እስከ ዛሬም ይለበሳል። በባሕር ዳር ሙቀት ጥጥ ይመረጣል፣ ቀለሙም ነጭ፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ጥቁርና ቡናማ ከሆነ ሁሉም ከሁሉም ጋር ይሄዳል። ሰልባጅ ሲመርጡ አስቀድመው ትከሻውን ይለኩ፤ ወገብና ርዝመት ልብስ ሰፊ በቀላሉ ያስተካክለዋል፣ ትከሻ ግን ልብሱን ከማፍረስ አይተናነስም። አንገት ላይ የሚታሰር ነገር ከፈለጉ ሻሽ ይጠቀሙ። ነጠላ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለሐዘንና ለደስታ የተለያየ አለባበስ ስላለው ለጌጥ ተጠቅልሎ ሲቋጠር አያምርም።

ወደ ቋንቋው ስንመጣ የአካባቢው ሰው ባዳ አይደለም። በዘጌ የተወለዱት ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ ለመንገደኛ የሚሆን የፈረንሳይኛና የአማርኛ መነጋገሪያ መጽሐፍ አሳትመዋል። ዛሬም ጀማሪ ከሰዋስው ዝርዝር ይልቅ በአጫጭር ምልልስ ቢጀምር ይሻለዋል። መጀመሪያ ሰላምታው ይጠና፤ በፈረንሳይ ሱቅ ገብቶ «ቦንዡር» ሳይሉ ዋጋ መጠየቅ እንደ ብልግና ይቆጠራል። «ቱ» እና «ቩ» የሚባሉት መጥሪያዎች እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቀውን ሰው ያስቸግሩታል፤ አንተ፣ አንቺና እርስዎ እያለ ላደገ ሰው ግን አዲስ የሚሆንበት ቃሉ ብቻ ነው፣ ለማያውቁትና ለታላቅ ሰው «ቩ» ይበሉ። በ«ቱ» ውስጥ ያለውን፣ በፊደላችን በትክክል የማይጻፈውን ድምፅ ለማውጣት ከንፈርን «ኡ» እንደሚሉ አሹለው «ኢ» ይበሉ።

ቁጥርን በገበያ ይለማመዱ፤ መልስ ሲቀበሉ በልብዎ በፈረንሳይኛ ይቁጠሩ። እስከ 69 መንገዱ ቀና ነው፤ ከዚያ በኋላ 70 ስልሳ-አሥር፣ 80 አራት-ሃያ፣ 90 ደግሞ አራት-ሃያ-አሥር እየተባለ ስለሚቆጠር ብር እየዳሰሱ ካልለመዱት ከአእምሮ ይጠፋል። ጆሮን ለማሠልጠን የፈረንሳይ ዓለም አቀፍ ሬዲዮ፣ ኤር ኤፍ ኢ፣ በቀላል ፈረንሳይኛ የሚያቀርበው የ10 ደቂቃ ዜና ከነጽሑፉ በኢንተርኔት በነጻ ይገኛል። መጀመሪያ ጽሑፉን ሳያዩ፣ ከዚያም ጽሑፉን በጣት እየተከተሉ ያዳምጡት፤ በሁለተኛው ጊዜም ያልገባዎትን ቃል ሁሉ በመዝገበ ቃላት አይፈልጉ፣ ሦስት ወይም አራት ቃል ለዕለቱ ይበቃል።