አይፖድ ክላሲክ ላይ ዘፈን ቶሎ ለማግኘት
የአፕልን ሙዚቃ ማጫወቻ፣ አይፖድ ክላሲካችሁን፣ እስካሁን ያልጣላችሁ ካላችሁ፣ ይቺን ያዙ። አንድ ዘፈን ለማግኘት ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ስታሽከረክሩ አትዋሉ። ሙዚቃ ውስጥ ገብታችሁ «ሰርች»ን ምረጡ፤ ክቡን መዳሰሻ እያዞራችሁ የፈለጋችሁት ፊደል ላይ ስትደርሱ መሃሉን ተጫኑ። ሦስት አራት ፊደል አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ተሳሳታችሁ? ወደ ኋላ መመለሻው የመጨረሻዋን ፊደል ያጠፋል፣ ወደ ፊት ማሳለፊያው ክፍት ቦታ ያስገባል። ይሄን እኔም ዘግይቼ ነው ያወቅሁት። ሲበቃችሁ ሜኑን ተጭናችሁ ውጤቱን እዩ።

ጣጣው የግዕዝ ፊደል የለውም። ስለዚህ ኮምፒውተር ላይ፣ አይቲዩንስ (ዘፈን ወደ አይፖዱ የምትጭኑበት ፕሮግራም) ውስጥ፣ ከአማርኛው ርዕስ ጎን በላቲን ጨምሩበት። ግን አጻጻፋችሁ አንድ ይሁን! እኔ «ትዝታ»ን አንዱ ላይ በአይ (i)፣ ሌላው ላይ በኢ (e) ጽፌ፣ ግማሹ ዘፈን የጠፋ መስሎኝ ስበሳጭ ከርሜያለሁ።

የ2008ቱ ባለ 120 ጊጋባይት ከሆነ ደግሞ ማይክ ያለው የጆሮ ማዳመጫ ሰክታችሁ ድምፅ መቅዳት ትችላላችሁ።